የሐሙስ ራይት

«ማስተር፣ ይቺን ቃል ተርጉምልኝ እስቲ» አለው ታላቅ ወንድሙ ጋሼ፣ ልጁ ገና ከሶፋው ላይ በቅጡ ሳይነሳ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጎረቤት እንኳ ገና መስኮቱን አልከፈተም። ጋሼ ግን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ የእሱን የማስተርስ ሃንዳውት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። በፋሻ የተጠቀለለውን የቀኝ ክንዱን ጉማጅ ገጹ ላይ ጭኖ ወረቀቱ እንዳይገለበጥበት ይዞታል፤ የግራ እጁ ሌባ ጣት አንዲት መስመር ሥር ቆማለች። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ፕላስቲክ ሲፈጭ የኖረ ሰው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የንግድ ሕግ ያነባል። ጉድ እኮ ነው! ትናንት የተወው ገጽ ሰባት ላይ ነበር፤ አሁን ሃያ ሦስት ደርሷል።

ልጁ ቃሏን አየና «ቸልተኝነት» አለው።

«ማየት ያለብህን አለማየት ማለት ነው?»

«እንደዚያ በለው።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀና በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከመስመሯ በላይ በእርሳስ ጻፋት። «ማስተር» የሚለውን ስም ያወጡለት የፋብሪካው ሰዎች ናቸው። የሺፍት ኃላፊ ሆኖ ሳለ ፋብሪካው ራሱ እየከፈለለት ኤምቢኤ ሊማር መመዝገቡ የተሰማ ዕለት፣ አንዱ ፎጋሪ ከካፍቴሪያው በር ላይ ቆሞ «ተነሱ፣ ማስተር መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ሁሉም ሲጠሩት ትንሽ ፌዝ ጣል ያደርጉበታል። ያለ ፌዝ የሚጠራው ጋሼ ብቻ ነው። ጋሼ ለእሱ ወንድምም አባትም ነው፤ እናታቸው ስትሞት ጫንቃው ላይ አድርጎ ያሳደገው፣ የራሱን ትምህርት ትቶ እሱን ያስተማረው፣ ኋላም «ለሱ እኔ ዋስ ነኝ» ብሎ ፋብሪካው ያስገባው እሱ ነው። ዛሬም ቢሆን የሚኖረው በጋሼ ቤት ነው። ሁለት ክፍል ናት ቤቷ፤ አንደኛዋ የጋሼና የሚስቱ፣ ሌላዋ ቀን ሳሎን ማታ የእሱ መኝታ። ከስድስት ሳምንት ወዲህ በቴሌቪዥኑ አናት ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ የፋሻ ዋጋ በወር ሁለት ጊዜ ጨምሯል፤ ዳቦውም ባለበት ዋጋ ሆኖ ጡጫ አክሏል።

«እንግዲህ ስማኝ» አለ ጋሼ፣ ሃንዳውቱን ከደን አድርጎ። «ሳስበው ነው ያደርኩት። ፋብሪካው ለክሴ ለችሎቱ የጻፈው መልስ ምን ይላል? የዚያን ዕለት የመፍጫው ክዳን በቦታው ነበር፣ ከፍቶ እጁን የከተተው ሠራተኛው ራሱ ነው፣ ለዚህም የማሽን መመርመሪያው ቼክሊስት ምስክር ነው ይላል። አይደል? ጥሩ። ቼክሊስቱን መቼ ነው የምንሞላው? ሰኞ ጠዋት! የስድስቱን ቀን ራይት ሰኞ ጠዋት በአንድ እስትንፋስ ጥርግ ማድረግ ነው። እኔ አይደለሁ እንዴ ያስተማርኩህ? ‹በየቀኑ ወረቀት ይዘህ ማሽን ሥር አትንበርከክ፣ ሰኞ ሞልተህ ተገላገል› ብዬ።»

«አዎ» አለ ማስተር።

«ታዲያ እየው። ማሽኑ ረቡዕ ጠዋት እኔን በላና ቆመ። ሐሙስ አልሠራም፣ ዓርብ አልሠራም፣ ቅዳሜም አልሠራም። ወረቀቱ ላይ ግን ሐሙስም ራይት አለ። ዓርብም አለ። የቆመ ማሽን ማን መረመረ? ወረቀቱ ሐሰት ነው ማለት ነው። የሐሙሱ ሐሰት ከሆነ የረቡዑም ሐሰት ነው!» ጋሼ በገዛ ራሱ ብልሃት ተገርሞ ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። «በመልሱ ላይ ጠቀሱት እንጂ ወረቀቱን እስካሁን አላያያዙም። ሰኞ ነው የሚያቀርቡት። አንተ ከትምህርት በኋላ ዛሬ ትገባ የለ? በስልክህ አንድ ፎቶ አንሳልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። አውቃለሁ፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብህ ይሆናል። ግን ማስተርስ የሚያስተምሩትን ሰው አያባርሩም፤ ሞኞች አይደሉም።»

የጋሼ ሚስት ዳቦና ሻይ ይዛ ከጓዳ ወጣች። እቴቴ ነው የሚላት። «ተወው እስቲ፣ ይቅመስበት» አለች ባሏን፤ ለእሱ ደግሞ «ፎቶዋን ግን አትርሳት፣ እባክህ የኔ ወንድም» አለችው። «አያለሁ» አለ። ሻዩ ምላሱን ለበለበው፤ ዝም ብሎ ዋጠው።

ጋሼ የማያውቀው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ማክሰኞ ምሽት የሆነው ነው። ጋሼ ሥራ ጨርሶ ከወጣ በኋላ መካኒኩ የመፍጫውን ክዳን ማጠፊያው ስለተሰነጠቀ አውልቆ ለብየዳ ወሰደውና «ማስተር፣ ክዳኑ እኔ ጋ ነው፤ እስክመልሰው ማንም ማሽኑን እንዳይነካ፣ ‹አትንኩ› የሚል ታርጋ ስቀልበት» አለው። እሺ አለ። እሺ ያለው ግን አንድ እግሩን ከበሩ አውጥቶ ነው፤ የማታ ክፍል ነበረው፣ ታክሲው ሊያመልጠው ነው፣ ፈተናም ቀርቧል። ታርጋውን ሳይሰቅል ሄደ። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ ጥሎት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ግቢው ውስጥ የተቀበለው ጩኸት ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ቢሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮት አያውቅም። ሁለተኛው ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ የአስተዳደር ኃላፊዋ ትናንት የሰጠችው ባዶ የቼክሊስት ቅጽ። የሐሙሱን ራይት ያየው ጋሼ ብቻ አይደለም። «የቆመ ማሽን ሦስት ቀን በፊርማህ ሲሠራ ሰንብቷል» ብላ ሳቀችበትና «እስከ ረቡዕ ብቻ አድርገህ በአዲስ ሙላልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እጠብቅሃለሁ» አለችው።

ትምህርት ቤቱ ከሱቆች በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ዘመን የለውም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው የሚገባው እያለከለከ ነው። «የንግድ ሕግና ሥነ ምግባር» የምርጫ ትምህርት ነው። ምርጫ ይባል እንጂ ምርጫው በዚህና የሂሳብ መዓት በሆነ አንድ ኮርስ መካከል ነበር፤ ከሃያ ስድስቱ ተማሪ ሃያ አምስቱ ወደ ሥነ ምግባር የሸሹት ጠባይ ሊያስተካክሉ ሳይሆን ቁጥር ፈርተው ነው። አስተማሪው ጠበቃ ነው፤ ሳምንቱን ችሎት ለችሎት ሲሮጥ ሰንብቶ ቅዳሜ በዚያው ሱፍ ይመጣል። ጥሩ አስተማሪ ነው፤ አይሳደብም፣ አያቃልልም፣ ሰዓት ያከብራል። የዛሬው የመጨረሻ ክፍላቸው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሥራ ቦታው አንድ ጉዳይ፣ የሰውና የድርጅት ስም ሳይጠራ፣ በአሥር ደቂቃ ማቅረብ አለበት። ከነጥቡ ግማሹ ለዚህ ነው።

ማስተር ያዘጋጀው ስለ ዕቃ አቅራቢዎች ስጦታ ነበር፤ ስድስት ስላይድ፣ ሥዕል ያለበት። የባንክ ሥራ አስኪያጇ ስለ አንድ ብድር አቀረበች፣ አስመጪው ስለ ቀረጥ አቅርቦ ክፍሉን በሳቅ ገደለው፣ ፋርማሲስቷ ጊዜው ስላለፈ መድኃኒት ተናገረች። የእሱ ተራ ደረሰ። ፍላሹን ሰክቶ የመጀመሪያው ስላይድ ግድግዳው ላይ ሲበራ ግን በዚያ የስጦታ ሥዕል አፈረ፤ ምን ሆኜ ነው ይሄን የምቀባጥረው አለ በሆዱ። ፍላሹን ነቀለው። «ሌላ ጉዳይ ነው የማቀርበው» አለ። «የሰማሁት ነው። የሌላ ፋብሪካ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማን አቆመው! መፍጫውን ነገራቸው፣ ክዳኑን፣ መካኒኩን፣ ያልተሰቀለውን ታርጋ። ሰኞ ጠዋት በአንድ እስትንፋስ ስለሚሞላው ራይት ነገራቸው፤ በዚህ ጊዜ ከክፍሉ ግማሹ ፈገግ አለ፣ ሁሉም የየራሱን መሥሪያ ቤት አስታወሰ። ስለ ሐሙሱ ራይት ሲነግራቸው ፈገግታው ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ዘለለ፤ ኃላፊው የሠራተኛው ወንድም መሆኑን። ያቺን ሊላት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለቴም ወደ ማሽኑ ወሬ ተመለሰ።

«ግን ሰውየው ራሱስ ያለ ክዳን ለምን ጀመረ?» አለች የባንኳ ሥራ አስኪያጅ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ያለ ክዳን አልሠራም ያለ ሠራተኛ ሲባረር አይታችሁ አታውቁም እንዴ?» አለ አስመጪው፤ ዛሬ አልቀለደም። ፋርማሲስቷ «እኔ ያ የሺፍት ኃላፊ ነው የሚያሳዝነኝ፤ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ። ጠበቃው እጁን ከፍ አድርጎ አስቆማቸው። «ዳኛ ማሽኑ ሥር አልነበረም» አለ ረጋ ብሎ። «የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ አለ ካለ፣ አለ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ተነስቶ የለም እስካላለ ድረስ። ሕጉ እኔን እዚያ ድረስ ነው የሚወስደኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ያ የሚያውቀው ሰው ማን ነው የሚለው ነው።» ወደ ማስተር ዞረ። «ታዲያ ኃላፊው ምን አደረገ?»

ሃያ አምስት ሰው አየው።

«ተናገረ» አለ። «የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ችሎት ሄደና እውነቱን ተናገረ።»

አጨበጨቡ። የክፍሉ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ አስመጪው እንዲያውም ከወንበሩ ተነስቶ ነው። ጠበቃው አንዲት ነገር ማስታወሻው ላይ ጻፈና «ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች እንድጠቀምበት ትፈቅድልኛለህ?» አለው። ሰዎች ሲወጡ ደግሞ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አላባረሩትም?» ሲል ጠየቀው። «አላባረሩትም» አለ ማስተር። «እድለኛ ነው» አለ ጠበቃው፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ደረጃውን ሲወርድ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው። ጭብጨባው ገና ከጆሮው አልወጣም። ይኸው ተናገርኩት እኮ፣ አለ ለራሱ፤ ሃያ አምስት ሰው ፊት ተናግሬው ሰማይ አልተደፋብኝም፣ እንግዲህ አንዲት ሴትዮ ፊት መናገር ምን ያቅተኛል? ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተጣብቆ፣ የሰው ክርን ጎኑን እየወጋው፣ የሚለውን ቃል በቃል አሰናዳ። አልሞላም እላታለሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት አሳዩኝ እላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እወጣለሁ። ካባረሩኝ ያባርሩኝ። ረዳቱ መልስ ሲሰጠው እንኳ ፈገግ ብሎ ተቀበለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ፋብሪካው ግማሽ ነፍሱ ነው ያለው። ከመግቢያው በስተግራ የመፍጫው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። ሳይፈልግ ዓይኑ ገባ። ወለሉ በሳሙና ታጥቦ ነጥቷል። መፍጫው ላይ አዲስ ክዳን ተገጥሟል፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ወፍራም፣ በሁለት ብሎን የታሰረ። አንድ አዲስ ሠራተኛ የተሰባበሩ ጆጎችን ይጨምርበታል። እንደ ድሮው አይጮህም ማሽኑ፤ ክዳኑ ድምፁን አፍኖታል። ይቺ ክዳን ከስድስት ሳምንት በፊት ብትኖር ኖሮ፣ አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ደረጃውን ወጣ።

የአስተዳደር ኃላፊዋ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ተቀምጣለች። «መጣህ? ጎሽ! ቶሎ እንጨርስ፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው፤ ሐኪሙ በአሥር ሰዓት ይዘጋል።» ክፉ ሴት አይደለችም። ጋሼ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ብርቱካን ይዛ ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ያለቀሰችውም የምሯን ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የልጇ የምረቃ ፎቶ፣ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ኩባያ፣ አንድ ወረቀት የሚበጣጥስ መቁረጫ ማሽን አለ።

«አልሞላውም ልልዎት ነው የመጣሁት» አለ ማስተር። ታክሲ ውስጥ ያሰናዳው ድምፅ አልነበረም የወጣው፤ ቀጭን ሆነበት።

አልተቆጣችም። መሳቢያዋን ከፍታ የመጀመሪያውን ቅጽ አወጣችና ፊቱ አኖረችው። እጁ ወደ ስልኩ ሄዶ ኪሱ አፍ ላይ ቆመ። «ይሄ የማን ፊርማ ነው?» አለችው። «የኔ።» «ይሄስ፣ የሐሙሱ?» «የኔ።» «እንግዲህ ሰኞ ይሄ ወረቀት ሲወጣ ያላየኸውን አየሁ ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። ቦርዱ ‹አለቃ ያደርገናል ብለን የምናስተምረው ይሄን ነው?› ይላል። እሱስ ይሁን፣ ሥራ ሌላ ቦታም ይገኛል። ግን…» ጉንጯን ጫን አደረገች። «መካኒኩ ማክሰኞ ማታ ለማን እንደተናገረ ነግሮኛል።»

እጁን ከኪሱ አፍ አወረደ።

«ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ወንድማማቾች ናችሁ፣ የሰው ቤት ማፍረስ አልፈልግም። ችሎት ከቀረበ ግን ይምላል። ወንድምህ ፊት ይምላል። እጁን የበላው ማሽኑ ሳይሆን የአንተ መርሳት መሆኑን እዚያ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ያንን ትፈልጋለህ?»

አልፈለገም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዚህ ዓለም ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ የማትፈልገውን አንዱን ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ያንን ነበር። ሥራው ይቅር፣ ማስተርሱ ይቅር፤ የጋሼ ፊት ግን። ሲያድግ ትኩሳት በያዘው ቁጥር ራስጌው ተቀምጦ የሚያድረው ያ ፊት፣ ያን ሲሰማ ምን እንደሚመስል ሊያስበው ሞከረና አልሆነለትም። ክፍሉ ውስጥ ያጨበጨቡለትን ሰዎች አስታወሰ። አንዱም እዚህ የለም።

ተቀመጠ። ባዶውን ቅጽ ከቦርሳው አወጣ። የራሱን እስክሪብቶ ሊያነሳ ሲል ኃላፊዋ ከኩባያዋ ሦስት መዝዛ ሰጠችው፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። «በአንድ ቀለም አትሙላው» አለችው፣ መድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ነርስ። ሰኞን በሰማያዊው ሞላ። ክዳኑ በቦታው ነው፤ ራይት። ማቆሚያው ይሠራል፤ ራይት። ማክሰኞን በጥቁሩ። ረቡዕ ላይ ሲደርስ እጁ ትንሽ ቆየ፤ ኃላፊዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችለት። ክዳኑ በቦታው ነው። ራይት። ሐሙስ ላይ አቆመ። ዓርብና ቅዳሜም ባዶ ቀሩ። ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ካናቴራ አሸት አሸት አደረገችው፣ ሁለት ቦታ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። የመጀመሪያውን ቅጽ መቁረጫው ውስጥ ከተተችው። ጊዜ አልፈጀም። «አይዞህ» አለችው፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «ወንድምህን ነገሩ ሲበርድ ለጥበቃ እናስገባዋለን። ለጥበቃ አንድ እጅ ይበቃል።»

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ከጣራዎቹ ጀርባ እየገባች ነበር። ጋሼ ከበሩ ደፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፤ ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ። «ፈተናው እንዴት ነበር?» አለው በመጀመሪያ፤ ሰው እኮ ነው። «ሙሉ ነጥብ ይመስለኛል፤ አጨበጨቡልኝ» አለ። ጋሼ እቴቴን ጠርቶ ነገራት፣ ስታጨበጭብ እሱም በግራ እጁ ጭኑን መታ። ሦስቱም ገብተው ተቀመጡ። እቴቴ ስለ ውሃው ነገረችው፤ ዛሬም ሲንጠባጠብ ውሎ ሄደ። የጎረቤት ልጅ ኳስ መስታወት እንደሰበረ ነገረችው። ከዚያ ወሬው አለቀ።

«አየኸው?» አለ ጋሼ።

«አየሁት።»

«አነሳኸው?»

«ምንም አይጠቅምም ጋሼ። እስከ ረቡዕ ነው የተሞላው።»

ጋሼ አልገባውም። «ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ባዶ ነው። ዓርብም ቅዳሜም ባዶ ነው።»

«ሰኞ ሰኞ ነበራ የምንሞላው?»

«ትምህርቱን ከጀመርኩ ወዲህ ትቼዋለሁ። በየቀኑ እያየሁ ነው የምሞላው።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያላት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ራሱን አስደነገጠው።

እቴቴ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አየችው። ጋሼ አላየውም፤ የፋሻውን ጫፍ በጣቱ እየጠቀለለ ነበር። «የረቡዕን አንተ ነህ የሞላኸው?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።» «አይተህ?» «አይቼ።» «ክዳኑ ነበር?» «ነበር ጋሼ።»

ቢቆጣ፣ ውሸታም ቢለው፣ ጠረጴዛውን ቢገለብጠው ልጁ ሁሉንም ይዘከዝከው ነበር። እንደዚያ ነው ኋላ ለራሱ የሚለው። ጋሼ ግን አልተቆጣም። ወደ ኋላ ተደገፈና ጣራውን እያየ ማሰብ ጀመረ። «እንግዲህ አንተ አየሁ ካልክ ነበር ማለት ነው» አለ። «እኔ ከመድኃኒቱ በፊት ያለውን ጠዋት በደንብ አላስታውሰውም፤ ሐኪሙም እንደዚያ ይሆናል ብሎኛል። ባልዲ ነበር የያዝኩት። ሰፊ ባልዲ። ክዳኑ ካልተነሳ አይገባም እሱ። አንስቼው ይሆናል።» የፋሻውን ጫፍ ለቀቀ። «ቸኩዬ ነበር እኮ፤ ክምሩ ብዙ ነበር። አንስቼው ይሆናል።» ከንፈሩን መጠጠ፣ ግራ እጁን በአየር ላይ ከፍ አደረገ፣ የሆነ ነገር የሚያነሳ መስሎ ዝቅ አደረገው። «አዎ። በግራዬ ነው ያነሳሁት።» በሦስተኛው «ይሆናል» አላለም።

«ሆስፒታል አልጋ ላይ ‹ስገባም ክዳን አልነበረም› ብለህ የማልክልኝስ?» አለች እቴቴ። ባሏን ትጠይቅ እንጂ ዓይኗ ከልጁ ላይ አልተነሳም።

«ሰው ሲታመም ብዙ ይቀባጥራል።»

«ማልክ እኮ!»

«ተይኝ በቃ!» አለ ጋሼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ወዲያው ግን አፍሮ ዝቅ አደረገው። «እጄን ማጣቴ ሳያንስ በሐሰት ሰው ልክሰስ? ሃያ ዓመት እንጀራዬን የበላሁበት ቤት ነው። ሰኞ አልሄድም።» ወደ ልጁ ዞረ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፤ የተሳሳተ፣ ስህተቱንም ለማረም የተቻኮለ ሰው ፊት ነው። «ወረቀት አምጣ እስቲ። ክሱን አንስቻለሁ ብለህ ጻፍልኝ። አንተ ጽሑፍህ ያምራል።»

«ዛሬ ይቅር ጋሼ።»

«ለምን ይቀራል? ሐሰት መሆኑን ካወቅኩ በኋላ አንድ ቀን ቢያድር ሁለት ጥፋት ነው።»

ልጁ ከሃንዳውቱ ጀርባ አንድ ባዶ ወረቀት ገነጠለ። ጋሼ ቃል በቃል ነገረው፤ ቀስ እያለ፣ ለችሎት እንደሚገባ በክብር። ክሱን በራሱ ፈቃድ ማንሳቱን። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን። «ይህንንም የተረዳሁት ታማኝ ከሆነው ከወንድሜ…» ሲል የልጁ እስክሪብቶ ቆመች።

«እኔን ተወኝ» አለ። «እኔን ማስገባት አያስፈልግም።»

«እንዴ! ይግባ እንጂ። አለቆቼ ናቸው ብለህ ሳትፈራ፣ ወንድሜ ነው ብለህ ሳታዳላ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ነህ። በዚህ ማን ያፍራል? ጻፍ።»

ጻፈ። እቴቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ጓዳ ገባችና መጋረጃውን ሳበችው። ጋሼ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ አንዲት ፊደል ሳትቀረው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ከዚያ በጉማጁ ክንዱ ጠርዙን ይዞ፣ በግራ እጁ ስሙን እየተንቀጠቀጠ ፈረመና መልሶ ሰጠው።

«ቀኑን ረስተሃል» አለው። «የዛሬን አድርግ።»

ልጁ የዛሬን ቀን ጻፈ።